«መሀሉ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

ሶማሌ ተራ ቸርኬ ሊገዛ የሄደ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ስንት ኢንች ነው? ስንት ብሎን ነው? ዋጋው ስንት ነው? ሻጩም ለሦስቱ መልስ አለው። «አሥራ ሰባት ኢንች፣ ስድስት ብሎን፣ ለሀይሉክስ ልክ ነው» ይላል፤ ብሩ ይቆጠራል፣ አራቱ ቸርኬዎች ተጭነው ወደ ጎሚስታ ይሄዳሉ። አራተኛውን ጥያቄ፣ «መሀሉ ስንት ነው?» የሚለውን፣ የሚያነሳ ገዢ እምብዛም አላጋጠመኝም። ስለማይጠየቅ ሻጩ አያውቀውም። ሻጩ ስለማይጠይቀው ደግሞ አስመጪው አይጨነቅበትም። እኔ የመኪና እግር ሥራ ላይ የኖርኩ መካኒክ ነኝ፤ ያ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ዘጠና ሲያልፍ መሪው የሚንቀጠቀጥ ፒክአፕ ሆኖ ይመጣል።

ከተማ ውስጥ ይህ ችግር አይታወቅም። ከቃሊቲ እስከ ፒያሳ በሚያንፏቅቅ ትራፊክ ማንም መኪና ሕመሙን አይናገርም። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። አሽከርካሪው ጉድጓድና መንደር ሳያቋርጠው መቶን ይዞ የሚቆይበት መንገድ አገኘ። ድሮ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሰማውና «መንገዱ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ንዝረት፣ አሁን ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ እስኪደረስ እጅ ላይ ይቆያል።

ለምን በፍጥነት ብቻ እንደሚመጣ ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም። 265/65 ጎማ የለበሰ 17 ኢንች ቸርኬ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ11 ጊዜ በላይ ይዞራል። ቸርኬው ጠርዝ ላይ በአንድ በኩል 60 ግራም ትርፍ ክብደት ካለ፣ መኪናው በ50 ሲሄድ ያ ትርፍ ጎማውን ወደ ውጭ የሚጎትትበት ጉልበት ሁለት ኪሎ አይሞላም። በ100 ላይ ሰባት ኪሎ ይጠጋል፤ በ120 ላይ ወደ አሥር ኪሎ ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። እንግዲህ በየዙሩ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ በሰከንድ 11 ጊዜ የሚመታ የሰባት ኪሎ መዶሻ ማለት ነው። ቴስታውን፣ ኩሽኔታውን፣ የመሪውን መገጣጠሚያ ሁሉ እየቀጠቀጠ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ መሀሉ ቀዳዳ። የቶዮታ ሀይሉክስ ስድስት ብሎኖች የተደረደሩበት ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የፎርድ ሬንጀርም፣ የሚትሱቢሺ ኤል 200ም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ «ስድስት ብሎን» የተባለ ቸርኬ የሦስቱም ብሎን ላይ ይገባል፤ ሻጩ «ልክ ነው» ሲል አልዋሸም። ልዩነቱ ያለው ቸርኬው የሚቀመጥበት ሞዞ ላይ ነው። የሀይሉክስ ሞዞ 106.1 ሚሊ ነው፤ የሬንጀር 93.1፣ የኤል 200 ደግሞ 67.1። የፋብሪካው ቸርኬ መሀሉ በዚህ ልክ ተበስቷልና ሞዞው ላይ ገጥም ብሎ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ቢያስረው መሀል ለመሀል ነው። ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሸጥ ታስቦ የሚሠራ ቸርኬ ግን መሀሉ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፤ ለስድስት ብሎን መኪኖች 110 ሚሊ የሆነው በብዛት ይገኛል። ይህ ሀይሉክስ ላይ ሲገባ በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሁለቱ ወገን ሲደመር ወደ 4 ሚሊ የሚጠጋ ክፍተት ይቀራል። ቸርኬው ሞዞው ላይ አልተቀመጠም፤ መሀሉን የሚያስጠብቁለት ዳዶዎቹ ብቻ ናቸው።

«ባላንስ ተሠርቷል» የሚለው መልስ የማይበቃውም እዚህ ላይ ነው። የባላንስ ማሽን ቸርኬውን የሚይዘው በመሀሉ ቀዳዳ፣ በሾጣጣ ኮን ነው። በማሽኑ ላይ ቸርኬው ፍጹም መሀል ላይ ይዞራል፤ እርሳሱ ይለጠፋል፤ መስኮቱ ላይ ዜሮ ዜሮ ይወጣል። ጎማው መኪናው ላይ ሲታሰር ግን መያዣው ተለወጠ፤ ከእንግዲህ የሚይዙት ብሎኖቹ ናቸው። ሲታሰር ግማሽ ሚሊ ብቻ ወደ አንድ ወገን ቢሸሽ፣ ከነጎማው 30 ኪሎ ለሚመዝን ቸርኬ ጠርዙ ላይ ወደ 70 ግራም የሚጠጋ እርሳስ ከመለጠፍ ጋር እኩል ነው። ማሽኑ ይህን ሊያይ አይችልም፤ መኪናው ላይ የሆነ ነገር ነውና። ከአንድ ባላንስ ቤት ወደ ሌላው መዞር ያንኑ ዜሮ ደጋግሞ መግዛት ነው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ዲ ፎር ዲ ሀይሉክሱን ይዞ መጣ። ሥራው የግንባታ ዕቃ ማቅረብ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ሐዋሳ ደርሶ የሚመለስ ሰው። «ጋሼ፣ ሦስት ቦታ ባላንስ አሠርቻለሁ፤ አላይመንትም አሠርቻለሁ፤ ቴስታም ቀይር ተብዬ ቀይሬያለሁ፤ ዘጠና አምስት ላይ አሁንም ያንቀጠቅጠኛል» አለኝ። ድሮ የነበረው ቸርኬ የት እንዳለ ጠየቅሁት። ቤቱ እንዳስቀመጠው ነገረኝ፤ ጎማዎቹም አልወለቁም ነበር። «ሁለቱን አምጣልኝ» አልኩት። የፊቶቹን ብቻ በድሮዎቹ ቀይረን ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ ነዳነው፤ መሪው ጸጥ አለ። ከዚህ የተሻለ ምርመራ አላውቅም። መኪናው ላይ ምንም ሳይነካ፣ ቸርኬው ከነጎማው ብቻ ተቀይሮ ንዝረቱ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም ማለት ነው። የአዲሱን ቸርኬ መሀል በካሊፐር ስለካው 110 ሆኖ አገኘሁት። ከ110 ወደ 106.1 የሚያጠብ ቀለበት አስገባንለት፤ ዳዶዎቹንም ቀየርን። ያ ሰው ለቴስታው፣ ለአላይመንቱና ለሦስቱ ባላንስ የከፈለው ገንዘብ ለአራት ቀለበቶች ከከፈለው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ስለ ቀለበቱ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ብዙ ሰው ፕላስቲክ መሆኑን ሲያይ «ይሄ የመኪናዬን ክብደት ይሸከማል?» ብሎ ይፈራል። አይሸከምም፤ ሥራውም አይደለም። ክብደቱን የሚሸከመው ዳዶዎቹ ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር አጣብቀው የሚይዙበት ጉልበት ነው። ቀለበቱ የሚያስፈልገው ዳዶው እስኪጠብቅ ድረስ ቸርኬውን መሀል ላይ እንዲያስጠብቅ ብቻ ነው። አሉሚኒየሙ ቢገኝ ጥሩ፤ ፕላስቲኩም ልኩ ትክክል ከሆነ ይበቃል። ልኩ ትክክል ያልሆነ ቀለበት ግን ሞዞው ጠርዝ ላይ ተቆንጥጦ ቸርኬው ፊት ለፊት እንዳይገጥም ስለሚያደርግ ባይኖር ይሻላል።

ዳዶውን የቀየርኩበትን ምክንያት ከንዝረቱም በላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ቶዮታ ለፋብሪካው አሉሚኒየም ቸርኬ የሚሰጠው ዳዶ ከሥሩ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ቸርኬ የዳዶ መቀመጫው አብዛኛውን ጊዜ ሾጣጣ፣ 60 ዲግሪ የሆነ ነው። ጠፍጣፋው ዳዶ ሾጣጣው መቀመጫ ላይ ሲታሰር የሚነካው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው፤ ጠበቀ ይመስላል፣ አልያዘም። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ይላላል፤ የብሎኑ ቀዳዳ እየሰፋ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፤ ከዳዶው ሥር የዝገት ቀለም ያለው ጭረት መውጣት ይጀምራል። ያን ጭረት ያያችሁ ቀን መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ብሎን መቆረጥና ጎማ ወልቆ መሄድ ነው። ቸርኬ ስትገዙ የእርሱን ዳዶ አብራችሁ ግዙ፤ የዳዶው ጥርስም ከብሎናችሁ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። ሀይሉክስ 12 ሚሊ ብሎን፣ 1.5 ጥርስ ነው። አምስት ብሎኑ ላንድክሩዘር 14 ሚሊ ነው።

ከቀለበትና ከዳዶ ቀጥሎ ያለው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ከሁሉም በላይ የሚጎድለው እርሱ ነው። አተሳሰር ነው። አንድ ቀን ጎማ ሲቀየር ቆማችሁ ተመልከቱ። ልጁ ቸርኬውን ብሎኑ ላይ ይሰቅላል፤ ኤር ጋኑን ያነሳል፤ የመጀመሪያውን ዳዶ እስከ መጨረሻው ያጠብቀዋል። በዚያች ቅጽበት ቸርኬው በክብደቱ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ተቆልፏል። የቀሩት አምስቱ ዳዶዎች የሚያጠብቁት የተጣመመውን ነው። መሀሉ ሞዞው ላይ የማይቀመጥ ቸርኬ ላይ ይህ ብቻውን ለንዝረት ይበቃል።

እኔ ረዳቶቼን የማስተምራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሞዞውን ፊት በብረት ብሩሽ ጠርጉት፤ ዝገትም፣ ጭቃም፣ የቀለም ቅርፊትም እንዳይቀር። የቸርኬውንም ጀርባ እንደዚያው። መኪናው በክሪክ ላይ እንዳለ ስድስቱንም ዳዶ በእጅ፣ በጣት ብቻ አስገቡ፤ ቁልፍ የሚያስፈልገው ካለ ጥርሱ ተበላሽቷል። ቀጥሎ በእጅ መፍቻ ቀስ አድርጋችሁ፣ ትይዩ ትይዩውን እየዘለላችሁ አስጠጉ፤ ጎማውን ትንሽ አዙሩና ድገሙት። ሾጣጣው ዳዶ ቸርኬውን ወደ መሀል እየገፋ የሚያስገባው በዚህ ጊዜ ነው፤ ፋታ ከተሰጠው ያለ ቀለበትም ቢሆን ጥሩ አድርጎ መሀል ያስይዛል። ከዚያ ጎማው መሬት ሲነካ በቶርክ ቁልፍ ጨርሱት። የ12 ሚሊ ብሎን ላለው ፒክአፕ፣ አሉሚኒየም ቸርኬ ላይ፣ ልኩ መቶ ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ። ኤር ጋን ከዚህ ልክ ብዙ አልፎ ብሎኑን ይስባል፤ ዲስኩንም ያጣምማል፤ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣው ንዝረት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። የጎማ መፍቻው ላይ ቧንቧ አስገብቶ በእግር መርገጥም ያው ነው።

ጎሚስታዎቹን አልወቅስም። ፀሐይ ላይ ተንበርክከው የሚውሉ፣ የሚከፈላቸውም በጎማ ቁጥር የሆነ ልጆች ናቸው። ባለመኪናው ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፋ «ቶሎ በል» ይላቸዋል። የቶርክ ቁልፍ የሌላቸው ባለቤቱ ስላልገዛላቸው ነው። የአንድ ቁልፍ ዋጋ የአንድ ቸርኬ ያህል እንኳ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጎማ ቤት ሊኖረው ይገባል፤ እኛ ደንበኞችም ቁልፉ የሌለበት ቤት ጎማ ማሰር ማቆም አለብን። ደንበኛ ሲርቅ ባለቤቱ ይገዛዋል።

የምወቅሰው ሌላ አሠራር አለ። መሀሉ ጠቦ ሀይሉክስ ላይ አልገባ ያለውን ቸርኬ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት። የኤል 200ን ቸርኬ ከ67 ወደ 106 ማስበላት ማለት ዙሪያውን ወደ 20 ሚሊ የሚጠጋ ብረት መቁረጥ ነው። ያ ብረት ቸርኬው ከሞዞው ፊት ጋር የሚደገፍበት ሥጋ ነው። ቶርኖው ላይ ቸርኬው ትንሽ ተጣሞ ከታሰረ ደግሞ ቀዳዳው ከብሎኖቹ ክብ ጋር መሀል ለመሀል አይሆንም፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቀለበት፣ የትኛውም ባላንስ አያስተካክለውም። እንዲህ ያለ ቸርኬ ይዞ የመጣ ሰው ሥራዬን እንድሠራለት ሲጠይቀኝ እምቢ እላለሁ።

ንዝረት ሁሉ ከቸርኬ ነው አላልኩም። ጋዝ ሲሰጥ መጥቶ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ክሮቸራውን እዩ። ወንበሩ ላይ እንጂ መሪው ላይ ካልተሰማ የኋላ ጎማዎችን መርምሩ። በክረምት ከገጠር የተመለሰ መኪና በድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ባላንስ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቸርኬውን ከውስጥ በኩል አጥቡት፤ ከጀርባው የደረቀ አንድ እፍኝ ጭቃ ከየትኛውም እርሳስ ይከብዳል። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት የቀን አሃዞች አንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የተኛ ጎማ አዲስ አይደለም። በአዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ቀላሉ ቦታ ነው፤ ከቫልቩ ጋር ይገናኝ።

ትልልቆቹን መኪኖች ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ የጅቡቲ መንገድ ላይ የሚሮጠው ሲኖትራክ ያው የቸርኬ ሕግ ይገዛዋል፤ አደጋው ብቻ ይበልጣል። አሥር ብሎን፣ 335 ሚሊ ክብ፣ መሀሉ 281 ሚሊ ነው፤ ሞዞው ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የዝገት ቅርፊት ያለበት ሞዞ ላይ ተገፍቶ ከገባ ይጣመማል። እኛ አገር ደግሞ ሾፌር መኪናውን ይወዳል፤ በዓል ሲደርስ ቸርኬውን ቀለም ይቀባዋል። ቀለሙ ፊቱ ላይ ብቻ ቢቀር ያምራል። ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች የሚገናኙበት ፊትና ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ ሲቀባ ግን፣ ወፍራሙ ቀለም በጭነቱ ሥር እየተጨመቀ ይሳሳል፤ ቀለሙ በሳሳ ቁጥር የዳዶው ጥብቀት ይጠፋል። ዓይን ሳያየው አሥሩም ይላላሉ። እነዚያን ፊቶች አትቀቡ፤ የተቀባም ከሆነ ፋቁት።

የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ እጃችን ላይ ያሉት ፒክአፖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ቸርኬ ይቀይራሉ፤ ደግመውም ይቀይራሉ። ስለዚህ ጥያቄዬ ወደ አስመጪዎችና ወደ ሻጮች ነው። ደረሰኙ ላይ «ቸርኬ 17 ኢንች፣ 4 ፍሬ» ብቻ ብሎ መጻፍ ይቁም። የብሎኑ ክብ፣ የመሀሉ ስፋት፣ የዳዶው መቀመጫ ዓይነትና ቸርኬው የሚሸከመው ኪሎ ይጻፍ። የሚሸከመው ኪሎ ቸርኬው ላይ ከታተመ፣ ቁጥሩ ከመኪናው የኋላ አክስል ሙሉ ጭነት ግማሽ ማነስ የለበትም። ጄ ደብሊው ኤል የሚለው የጃፓን ምልክት ለቤት መኪና ነው፤ ለጭነት መኪና ታስቦ የተሠራው መጨረሻው ላይ ቲ ይጨመርበታል፤ ሲሚንቶ የምትጭኑ ሰዎች ቲዋን ፈልጉ። ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማትም ከፍሬንና ከመብራት ጋር ዳዶው ከቸርኬው መቀመጫ ጋር መስማማቱን ይመልከቱ፤ በባትሪ መብራትና በዓይን የሚሠራ፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ቸርኬ ለቀየረ ደንበኛ ሁሉ እኔ አንድ ወረቀት እሰጣለሁ። ደረሰኝ ላይ ይጻፉ ያልኳቸው አራቱ ነገሮች ይጻፉበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድቶ እንዲመለስ ቀጠሮ አለበት። ጎማው ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ ዳግም አያቸዋለሁ፤ ለዚህ አላስከፍልም። ከሚመለሱት መኪኖች ውስጥ ትንሽ የተንቀሳቀሰ ዳዶ የማይገኝበት ጥቂቱ ነው።